ፒክአፗ ላይ 23 ነበርን

ወገኖቼ፣ ባሕር ማዶ ያለ ወዳጄ ሙዚየም ገብቶ የድሮ የመኪና ማሳደድ ፊልሞች አየና በ1968 እ.ኤ.አ. የተሠራውን «ቡሊት» ላከልኝ። ገዳሪፍ ሻይ ቤት ቁጭ ብለን በስልክ አየነው። ስቲቭ ማክዊን በሙስታንግ ሳንፍራንሲስኮን ያምሳታል፤ ማሳደዱ 11 ደቂቃ ሊሞላ ምንም አይቀረው። ሩጫው ሲጦፍ ሙዚቃው ይቆማል፣ የሚሰማው ሞተርና ጎማ ብቻ ነው። ይሄን በደንብ አውቀውበታል! ከመተማ ማዶ በሌሊት፣ መብራት ባጠፋ ፒክአፕ የተጓዘ ሰው ያውቀዋል፤ ከኋላ የሚመጣው ላንድክሩዘር ይሁን የሰሊጥ ጭነት በጆሯችን ነበር የምንለየው።

ፊልሙ ላይ ተሳዳጁ ማክዊን ዞሮ አሳዳጅ ይሆናል። እኛ መዞሪያ አልነበረንም። ያተረፈን የክረምቱ ዋልካ ነው፤ እነሱን ቀድሞ ያዘልን።

አብሮኝ ያየው ልጅ «የተጫኑት ሰዎች የታሉ?» አለኝ። ማክዊን ብቻውን ነው የሚነዳው።