ሐረር ሲሄዱ ምን ይገዛሉ? ከማንስ ይገዛሉ?



ታላቁ ሰሐባ ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ.) ሀብታቸውን መካ ትተው ወደ መዲና በተሰደዱ ጊዜ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከመዲናው ባለጸጋ ከሰዕድ ኢብኑ ረቢዕ (ረ.ዐ.) ጋር አወንድመዋቸው ነበር። ሰዕድም የሀብታቸውን ግማሽ ሊያካፍሏቸው ፈቀዱ። እንግዳው ግን ለሰዕድ በረከትን ተመኝተው የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የገበያውን መንገድ እንዲያሳዩአቸው። በቅቤና በዐይብ ንግድ ጀምረውም ብዙም ሳይቆዩ ራሳቸውን ቻሉ።

እኛም ዛሬ ወደ አንድ ከተማ ስንገባ ከመስጊዱ ቀጥለን የምንጠይቀው ገበያው የት እንደሆነ ነው። ልዩነቱ እርሳቸው ሠርተው ሊያድሩ ሲሆን እኛ የምንሄደው ልንገዛ መሆኑ ነው። ይሁንና መንገደኛ ገዢም ቀላል ሰው አይደለም። በከተማው የሚቆየው ሁለትና ሦስት ቀን ቢሆንም፣ ጥሎት የሚሄደው ገንዘብ ግን ከእርሱ በኋላ ሥራውን ይቀጥላል። አንዱን ባለሙያ ያሠራል፤ ሌላውን ሥራ ያስፈታል፤ አንዳንዴም ከአንድ ቤት ተመልሶ የማይገኝ ነገር ያስወጣል። ስለዚህ ምን እንደምንገዛ ብቻ ሳይሆን ከማን እንደምንገዛም ማሰብ ይገባናል። ይህን ለመረዳት ሐረርን የመሰለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል፤ እንግዲህ አብረን እንዙር።

ገበያው ከበሩ ይጀምራል

ሐረር ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ የምትገኝ ደጋማ ከተማ ናት። አሮጌው ከተማ የተከበበው በጀጎል ግንብ ሲሆን፣ ግንቡን በ16ኛው መቶ ዘመን ያሠሩት አሚር ኑር ኢብኑ ሙጃሂድ እንደሆኑ ይታወቃል። ጀጎል ከነመስጊዶቹና ከነቤቶቹ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የሰፈረው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። በዚያው መዝገብ 82 መስጊዶችና 102 የዚያራ ቦታዎች ተቆጥረዋል።

ግንቡ ከጥንት ጀምሮ አምስት በሮች አሉት፤ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በርና ፈላና በር። ሐረሪዎች በራሳቸው ቋንቋ ለእያንዳንዱ ሌላ ስም አላቸው፤ ለምሳሌ ሸዋ በርን አስመዲን በሪ ይሉታል። በእነዚህ በሮች ለብዙ ዘመናት የግመልና የአህያ ጭነት ሲገባና ሲወጣ ኖሯል። ከተማይቱ የራሷ አሚሮች በነበሯት ዘመን መሐለቅ የተባለ የራሷን ገንዘብ ታትም እንደነበር ስናስታውስ፣ ንግድ ለሐረር ምን ያህል የቆየ ሙያ እንደሆነ እንገነዘባለን።

ከሸዋ በር ውጭ የተዘረጋው ገበያ ዛሬም ደማቅ ነው። በዙሪያው ካለው ገጠር የሚመጡ ሴቶች አትክልቱን፣ እንጨቱን፣ ቅመማ ቅመሙን መሬት ላይ በመደብ በመደብ ዘርግተው ይሸጣሉ። እዚህ ላይ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከገጠር የሚመጡ ነጋዴዎችን መንገድ ላይ ጠብቆ መግዛትን የከለከሉበት ምክንያት ቁልጭ ብሎ ይታያል። ገበሬዋ የዕለቱን ዋጋ የምታውቀው ገበያው ውስጥ ገብታ ከጓደኞቿ ጋር ስትቀመጥ ነው። ከገበያው ርቆ ጭነቷን የሚቀበላት ሰው ይህንን ዕውቀት ይነፍጋታል። እንግዲያው መንገደኛው እግሩ እስከ መደቡ ድረስ ይሂድ። ሽንኩርቱን፣ ሚጥሚጣውን፣ ሎሚውን ከባለቤቷ እጅ ይግዛ። ከእርሷ ላይ የምናስቀንሳት ጥቂት ብር ለእኛ የአንድ ሲኒ ሻይ ዋጋ ብትሆን፣ ለእርሷ ግን የመመለሻ ትራንስፖርቷ ልትሆን ትችላለች።

መኪና ግርግር

ወደ ጀጎል ውስጥ ገብተን ፈረስ መጋላ ከሚባለው አደባባይ እንደርሳለን። ስሙ እንደሚያመለክተው የቀድሞ የፈረስ ገበያ ነው። ከአደባባዩ ወደ ውስጥ የሚወርደው ጠባብ መንገድ መኪና ግርግር ይባላል። «ግርግር ለሌባ ያመቻል» ይባል እንጂ ይህኛው ግርግር የባለሙያ ድምፅ ነው፤ መንገዱ ስሙን ያገኘው ግራና ቀኝ ከተቀመጡት የልብስ ስፌት መኪናዎች ነው። ጨርቅ ሻጩ ከልብስ ሰፊው ጎን ለጎን ነው። እናት ለልጇ የዒድ ቀሚስ ጨርቅ መርጣ፣ እዚያው አስለክታ፣ የሚጣደፍ ሥራ ካልሆነ በስተቀር በማግሥቱ ወይም በዚያው ቀን ወደ ማታ ትቀበላለች።

የከተማ ቡቲክ የለመዱ ወጣቶቻችን እዚህ አንድ ትምህርት ያገኛሉ። በቡቲክ ልብሱ ተሰፍቶ ይጠብቀንና እኛ እንመጥነዋለን፤ መኪና ግርግር ላይ ግን ልብሱ እኛን ይመጥናል። ሰፋ ያለ እጅጌ፣ ረዘም ያለ ቀሚስ፣ ወፈር ያለ ጨርቅ የምትፈልግ እህት ያሻትን ታዝዛለች። ሆኖም ከማዘዝ በፊት ሦስት ነገር መነጋገር ያስፈልጋል፤ የጨርቁ ዋጋ ለብቻ፣ የስፌቱ ዋጋ ለብቻ፣ የሚያልቅበትም ሰዓት ቁርጥ ብሎ ይነገር። ግልጽ ያልሆነ ውል ሸሪዓችን የሚያስጠነቅቀን ነገር ነው፤ በገበያ መካከል ከሚነሣው ጭቅጭቅ አብዛኛው የሚመጣውም ከዚሁ ነው። ልብስ ሰፊውም ቀን ከሌት ስለሚሠራ፣ ሒሳቡ ሥራው እንዳለቀ ሳይዘገይ ሊከፈለው ይገባል።

የምግቡ ገበያ

ጊዲር መጋላ በሐረሪ ቋንቋ ትልቅ ገበያ ማለት ነው። ሥጋው የሚሸጠው እዚህ ሲሆን፣ ከሥጋ ቤቶቹ በላይ ጭልፊቶች ሲያንዣብቡ ይታያል። ቁራጭ ሥጋ ሲወረወርላቸው ከአየር ላይ ይቀልቡታል። ልጆች ይህን ማየት በጣም ይወዳሉ፤ ነገር ግን የያዙትን ሳንቡሳም ቢሆን ከጭልፊቱ ይጠብቁ! ሥጋ የሚገዛ ሰው ማን እንዳረደው መጠየቁ በአገራችን የቆየ ልማድ ስለሆነ ማንም አይቀየምም።

ከሐረር የሚወሰድ ምግብ ቢባል ቀዳሚው ቡና ነው። የሐረር ቡና ከነገለፈቱ በፀሐይ የሚደርቅ ሲሆን ልዩ ጣዕሙም ከዚህ አደራረቁ ጋር የተያያዘ ነው። ሩቅ መንገድ የሚሄድ ሰው ጥሬውን ቢገዛ ይሻለዋል፤ የተፈጨ ቡና መዓዛውን ቶሎ ያጣል። በዚህ አገር ከቡናው ዛፍ የሚጣል ነገር የለም ማለት ይቻላል፤ ገለፈቱ አሸር ተብሎ ይፈላል፣ ቅጠሉም ቁጢ ተብሎ ይጠጣል። ለሚያውቅ ሰው ሁለቱም ጥሩ ስጦታ ናቸው። ሐልዋውና የባቢሌው ለውዝ ደግሞ ለልጆች ይሆናሉ።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን ወደ እህል ክምር ቢያስገቡ ከሥሩ እርጥብ ሆኖ እንዳገኙትና ሻጩን እርጥቡን ለምን ከላይ እንዳላደረገው እንደወቀሱት ተዘግቧል። ከዚህ የምንማረው ሁለት ነገር ነው። ገዢ ዕቃውን እስከ ሥሩ ማየቱ ሻጩን መጠራጠር ሆኖ አይቆጠርም፤ ሻጭም ጉድለቱን ከላይ አውጥቶ ማሳየት ይጠበቅበታል። በቁርኣን ውስጥ አል-ሙጠፍፊፊን የተባለ ምዕራፍ በሚዛን አጉዳዮች ስም መጠራቱን ለልጆቻችን ለማስተማር ከሚዛን ፊት የተሻለ ክፍል የት ይገኛል?

የእናቶች ስፌት

ወደ አንድ የሐረሪ ቤት የገባ እንግዳ ዓይኑ የሚያርፈው ከግድግዳው ላይ ነው። ከሣር የተሰፉ፣ በቀይ፣ በአረንጓዴ፣ በጥቁር የደመቁ ስፌቶች በተራ ተሰቅለው ቤቱን ያስጌጡታል። ስፌት የሙሽራ ንብረት፣ የእናት መታሰቢያ፣ የእንግዳ ማክበሪያ ነው። በቀድሞው ዘመን ልጃገረዶች አንዲት ባለሙያ ሴት ቤት ተሰብስበው ይህን ሙያ ይማሩ ነበር፤ ማለትም የስፌት መድረሳ ነበራቸው።

መካከለኛ ስፌት ሳምንታት፣ ትልቁ ደግሞ ወራት ይፈጃል። ሣሩ ይለቀማል፣ ይሰነጠቃል፣ ይነከራል፣ ከዚያም በወስፌ ዙር በዙር ይሰፋል። ይህን የማያውቅ መንገደኛ የሚነግሩትን ዋጋ ሰምቶ «ለሣር ነው ይህ ሁሉ ብር?» ይላል። ዋጋው ግን የሣሩ አይደለም፣ የወራቱ ነው። ተማሪዎቼን አንድ ጊዜ ሒሳብ አስተምራቸው ዘንድ፣ ሰፊዋ በቀን ሦስት ሰዓት ብትሠራና ሥራው ሁለት ወር ቢወስድ ስንት ሰዓት እንደሚሆን ጠይቄአቸው ነበር። 180 ሰዓት ብለው መለሱ። ዋጋውን ለ180 ሲያካፍሉ የወጣው ቁጥር ዝም አሰኛቸው።

ጥሩ ስፌት ለመለየት ገልብጠው ከሥሩ ይዩት፤ ዙሩ ጥብቅ፣ ጫፉ ያልተፈታ መሆን አለበት። ነጭ ጨርቅ በትንሹ አርሰው ቢያሹት ቀለሙ የሚለቅ መሆን አለመሆኑ ይታወቃል። ከሣር ይሁን ከፕላስቲክ የተሰፋም ይጠይቁ። ከሁሉ በላይ ግን፣ ከተቻለ ከራሷ ከሰፊዋ ይግዙ። ልጅቷ የእናቷ እጅ ሥራ በተገቢው ዋጋ ሲሸጥ ካየች ወስፌውን ታነሣለች። በእርካሽ ሲሄድ ካየች ግን ሌላ ሥራ ትፈልጋለች፤ ማንም አይፈርድባትም።

የማይገዛው

አንዳንድ ሰው ከሐረር አሮጌ ነገር ይዞ መመለስ ይፈልጋል። የጥንት የብር ጌጥ፣ በእጅ የተጻፈ ኪታብ፣ ከዚያም አልፎ በእጅ የተጻፈ ቁርኣን ካለ ብሎ ይጠይቃል። ሐረር በእጅ ጽሑፎቿና በመጽሐፍ ጥረዛዋ የታወቀች ናት። ይሁንና ከእነዚህ ብዙዎቹ በችግር ጊዜ እየተሸጡ ከአገር ወጥተዋል።

ይህን የተመለከቱት የከተማይቱ ተወላጅ አብዱላሂ ዓሊ ሸሪፍ ቅርሶቹን በራሳቸው ገንዘብና ጥረት እየሰበሰቡ በመጀመሪያ በመኖሪያ ቤታቸው አኖሩ። ዛሬ በስማቸው የሚጠራው ሙዚየም የራስ ተፈሪ ቤት እየተባለ በሚታወቀው ሕንፃ ውስጥ የሚገኝ ሲሆን፣ ከ1,000 በላይ የእጅ ጽሑፎችን ይዟል። ሕጉም ቢሆን ግልጽ ነው፤ የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ ቅርስ ከአገር ማውጣትን ይከለክላል። ስለዚህ ኪታቡን ሙዚየም ገብተን እንየው፤ ለልጆቻችንም እናሳያቸው። ለመግዛት ግን ዛሬ የተሠራውን እንግዛ። ዛሬ የተሠራው ስፌት ቢሸጥ ሰፊዋ ነገ ሌላ ትሠራለች፤ የተሸጠውን የአያት ኪታብ ግን ማንም መልሶ አይጽፈውም።

በመመለሻ፣ ድሬዳዋ

ከሐረር ተራራውን ወርደን ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ እንደተጓዝን ሞቃቷ ድሬዳዋ ትቀበለናለች። የጅቡቲው ባቡር በተራሮቹ ምክንያት ሐረርን ትቶ እ.ኤ.አ. በ1902 እዚህ ሲደርስ ይህች ከተማ ተቆረቆረች፤ ብዙው የሐረር ንግድም ተከትሏት ወረደ። ከደቻቱ ወንዝ ማዶ በመጋላ በኩል ያለው የቀፊራ ገበያ ቅስት ባላቸው በሮቹ ይታወቃል። ፍራፍሬው፣ ቅመሙ፣ ተምሩ እዚህ ይገኛል። ለእህቶችና ለእናቶች ስስ ድሪያ፣ ለአባቶች ሽርጥ የሚሻ ሰውም ባዶ እጁን አይመለስም። ታይዋን በሚል ስም የታወቀው ገበያ ደግሞ ከውጭ የገባ ልብስና የኤሌክትሪክ ዕቃ ይሸጣል። ከዚያ የሚገዛ ሰው ደረሰኝ ይጠይቅ፤ ያለ ደረሰኝ የተገዛ ዕቃ በመንገድ ላይ የጉምሩክ ፍተሻ ሲያጋጥም ገዢውን ያስቸግራል፣ ርካሽነቱም እዚያው ያበቃል።

ስንቅ የሚሆን ምክር

ውድ አንባቢያን፣ መከራከር የገበያ ወግ ነው፤ ሻጩም ይጠብቀዋል። ነገር ግን ክርክሩ በሰላምታ ይጀመር፣ በፈገግታ ይለቅ። የማንገዛውን ዕቃ ለጨዋታ አንከራከርበት። ከተስማማን በኋላ ዋጋ አናፍርስ። ሻጭና ገዢ ከመለያየታቸው በፊት ሐሳባቸውን የመለወጥ መብት እንዳላቸው ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረዋል፤ ይህ መብት ለሻጯም የተሰጠ መሆኑን አንርሳ። የሶላት ጥሪ በተሰማ ጊዜም ገበያው ይቆየናል።

ቤት ስንመለስ ልጆቻችን ስጦታቸውን ተቀብለው «ማን ሠራው?» ብለው ሲጠይቁን የሠራውን ሰው ፊት አስታውሰን ብንመልስላቸው፣ ያን ጊዜ በእርግጥ ከሐረር ገዝተናል ማለት ነው።

አላህ (ሱ.ወ.) ሪዝቃችንን ሐላል፣ ጉዟችንን የሰላም ያድርግልን። ወሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።