አራሷ ቤት ከገባች በኋላ

እ.ኤ.አ. በ1924 ኤሪክ ፎን ቪለብራንድ የተባለ ፊንላንዳዊ ሐኪም ከኦላንድ ደሴቶች የመጣች የአምስት ዓመት ልጅ መረመረ። ደም ሲፈስሳት አልቆም እያለ ያስቸግር ነበር፤ ከእህቶቿም በዚሁ የሞቱ ነበሩ። በ1926 የቤተሰቡን ታሪክ ጽፎ አሳተመ። ያኔ እንዲህ ያለ የደም መፍሰስ የወንዶች በሽታ ነው ይባል ነበር፤ እዚያ ቤት ግን የሚብሰው በሴቶቹ ላይ ነበር። ልጅቱም ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለች በወር አበባዋ ደም ሞተች።

እኛስ ጋ? የአንዷ ወር አበባ ከሳምንት ያልፋል፣ ጥርሷን ተነቅላ ሌሊቱን ስትደማ ታድራለች፣ ምነው ስትባል «እናቴም እንዲሁ ነበረች» ትላለች። ይቺን መልስ ሐኪም ቢሰማት ግማሽ ምርመራ ናት። ግን ለሐኪም ማን ይነግራል?

በዚያ ሐኪም ስም የሚጠራው የፎን ቪለብራንድ በሽታ ተንኮሉ እርግዝና ላይ ነው። በሽታው የሚያሳንሰው ደም አርጊ ፕሮቲን በእርግዝና ወራት በብዙዎቹ ላይ በራሱ ይጨምራል። ስለዚህ መውለጃዋ ሲቃረብ የተሠራ ምርመራ ጤነኛ ሊያስመስላት ይችላል፤ ምጡም በሰላም ያልፍ ይሆናል። ከወለደች በኋላ ግን ፕሮቲኑ በቀናትና በሳምንታት ውስጥ ወደ ድሮ መጠኑ ይወርዳል። ደሙ የሚመጣው ያኔ ነው፤ ገንፎው ተበልቶ፣ ጠያቂው ተመናምኖ፣ ሐኪም ቤቱ ከተረሳ በኋላ። «የአራስ ደም ነው፣ ይውጣላት» የምንለውም ያኔ ነው። በየሰዓቱ ሞዴስ የሚያርስ ደም፣ ትልልቅ የረጋ ደም፣ ማዞር ካለ ግን እስኪነጋ አይጠበቅም።

ሌላው በዘር የሚተላለፍ ደም ያለመርጋት በሽታ፣ ሄሞፊሊያም ሴቶችን አይምርም። ተሸካሚዋ እናት ራሷ ልትደማ ትችላለች፤ ወንድ ከፀነሰችም ልጁ የመውረሱ ዕድል ግማሽ በግማሽ ነው። ቀድሞ የታወቀ ከሆነ አዋላጆች ሕፃኑን በቫኪዩም ከመሳብ ይቆጠባሉ። ከዚያ ደግሞ የስምንተኛው ቀን ግርዛት አለ። አጎቱ ወይም ወንድሙ ሲገረዝ ደም አልቆም ብሎት ከነበረ፣ ሕፃኑ ሳይመረመር ምላጭ አይንካው። (ታልሙድ እንኳ ሁለት ወንድሞቹ በግርዛት የሞቱበትን ልጅ አትግረዙ ይላል፤ ፋክተር 8 የሚባል ደም አርጊ ፕሮቲን መኖሩን ማንም ሳያውቅ።)

መላ የለውም አይባልም። በጃፓን ኦካሞቶ የተባሉ ባልና ሚስት ተመራማሪዎች ያገኙት ትራኔክሳሚክ አሲድ የተባለ መድኃኒት ርካሽ ነው፤ ከወሊድ በኋላ ለሚፈስስ ደምም ይሰጣል። በ2017 የታተመ፣ 20,000 ያህል እናቶች የተካተቱበት ጥናት እንዳሳየው፣ በሦስት ሰዓት ውስጥ ሲሰጥ በደም መፍሰስ የሚደርሰውን ሞት ይቀንሳል። የሚያዝዘው ሐኪም ግን የሴትየዋን ታሪክ ማወቅ አለበት።

እርጉዝ እህቴ፣ በመጀመሪያው ክትትልሽ ሳትጠየቂ ተናገሪ፦ ያንቺን፣ የእናትሽን፣ የእህቶችሽን የደም መፍሰስ ታሪክ። ሐኪም ሳታማክሪም አስፕሪን አትዋጪ። ባሎችም ዛሬውኑ ደውሉና አማቶቻችሁን ጠይቁ።