ያልደረሱትስ?

2019 ዓ.ም. ሊገባ ነው፤ ዘመኑ የሉቃስ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በሚቆጠሩት 5500 ዓመታት ላይ 2019 ሲደመር 7519 ይሆናል፤ ለአራት ተካፍሎ ሦስት ሲተርፍ ሉቃስ ነው። አንድ ቢተርፍ ማቴዎስ፣ ሁለት ቢተርፍ ማርቆስ፣ ምንም ባይተርፍ ዮሐንስ። የባሕረ ሐሳብ መምህራን ይህን በቃላቸው ያወጡታል፤ እኔ በስልኬ።

ዘመነ ሉቃስ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለኝ የወንጌሉ ምዕራፍ 13 ነው። ጲላጦስ ስላስገደላቸው የገሊላ ሰዎች ለጌታ ይነግሩታል። እርሱም በሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው የሞቱትን 18 ሰዎች ያነሣል። ከሌላው የባሱ ኃጢአተኞች ስለነበሩ ይመስላችኋል? ብሎ ይጠይቅና ራሱ አይደለም ይላል። ንስሐ እንዲገቡ ያስጠነቅቃቸውና ወዲያው የበለሷን ምሳሌ ይጀምራል። ይህ ምሳሌ ከሉቃስ በቀር በሌሎቹ ወንጌላት የለም።

እንቁጣጣሽ ሲደርስ ስልካችን በአደይ አበባ ሥዕል ይሞላል። ከሥሩም ስንቶች ሳይደርሱ ቀርተው እኛን ስላደረሰን ተመስገን የሚል አይጠፋም። ማመስገኑ ደግ ነው። ግን ያው መልእክት ነሐሴ ላይ ልጇን የቀበረች እናት ስልክም ውስጥ ይገባል። እሷ ምን ብላ ታንብበው? ልጄ ያልደረሰው ጸሎቴ ስላነሰ ነው ትበል? እኛስ የደረስነው በየትኛው ጾማችን ነው?

በለሷ ሦስት ዓመት ሙሉ ፍሬ የታጣባት ዛፍ ናት። ባለቤቱ ትቆረጥ ብሏል፤ ሠራተኛው ስለለመነላት አንድ ዓመት ተጨመረላት። የተጨመረላት ዓመት ደግሞ ምቾት የለበትም፤ ዙሪያዋ ይቆፈራል፣ ፍግ ይደረግባታል። እኛ የስኬትና የከፍታ ዘመን ይሁንልን እንባባላለን። የመቆፈር ዘመን ይሁንላችሁ የሚል ካርድ እስካሁን አልደረሰኝም (ብልክ ማን እንደሚያኮርፈኝ አውቃለሁ)። በእግዚአብሔር መታመን ስል ግን የማስበው ይህንኑ ነው፤ መቆፈሪያው ሥሬ አጠገብ ሲያርፍ የያዘው ማን እንደሆነ ማወቅ። ዓመቱ ምን ይዞ እንደሚመጣ አልተነገረኝም። በለሷም አፍርታ ይሁን ተቆርጣ ወንጌሉ አይነግረንም።

ያልደረሱትም ቢሆኑ ከእግዚአብሔር እጅ አልወጡም። ቅዳሴያችን ላረፉት የሚጸልየው ለዚህ ነው።

ዘንድሮ መስከረም 1 በጾም ቀን፣ አርብ ስለሚውል ዶሮው እስከ ቅዳሜ ይቆየናል፤ ለድስት የሚሮጥ የለም። ከቅዳሴ መልስ ጊዜ አለ ማለት ነው። በሰፈራችሁ ዘንድሮ ቄጤማ የማይጎዘጎዝበት ቤት ካለ፣ ያቺን የአበባ ሥዕል ለሁሉም ከመበተናችሁ በፊት እዚያ ግቡ። ድፎውን ቆርሳችሁ ያዙ። እማወራዋ ቡና ታፈላልናለች ብላችሁም አትሂዱ፤ ቡናውንም፣ ከሰሉንም፣ የምታፈላውንም ልጅ ይዛችሁ ሂዱ።