ቤዙን ማን ዋጠው?

ኮልፌ ቀራኒዮ፣ የሠርግ ድንኳን ውስጥ ነው። ቤዝ ጊታሩ አይሰማም። ተጫዋቹ «ቤዝ» የሚለውን ቁልፍ እስከ ጥግ ያዞረዋል፤ ጭራሽ ጉርምርምታ ብቻ! ወፍራሙ ክር በሴኮንድ 41 ጊዜ ያህል ይርገበገባል፤ እዚያው ሰፈር በእግር የሚመታው ከበሮና የኪቦርዱ ግራ እጅ ይጋፉታል። የጣት ምቱ ጎልቶ የሚለየው ግን ከ700 እስከ 1000 ኸርዝ አካባቢ ነው። ስለዚህ ወፍራሙን ቀነስ፣ መሀሉን ጨመር ማድረግ ያዋጣል።

ከሁሉም በላይ ኪቦርዲስቱ ግራ እጁን ያሳርፍ። (ይኼን ሲሉት የሚቆጣው ነገርስ!) ማሕሙድ አሕመድ በ1975 እ.ኤ.አ. ከአይቤክስ ባንድ ጋር የሠራውን «ኧረ መላ መላ» ስሙት፤ የጆቫኒ ሪኮን ቤዝ ለብቻው ማንጎራጎር ይቻላል። ዛሬ ቤዙ ካልተሰማ የባንዱ አለቃ ሒሳብ ያሰላል፤ «ኪቦርዱ ይበቃናል» ይልና ለሚቀጥለው ሠርግ ቤዚስቱን የሚጠራው አይኖርም።