ጉናን ስትወጡ

ዘወትር የሚታይ ነገር ብዙ ጊዜ ሳይታወቅ ይኖራል። በደብረ ታቦርና በአካባቢዋ የሚኖር ተማሪ ጉናን በየዕለቱ ያየዋል፤ ራሱን በደመና ሲሸፍንም ዝናብ መቅረቡን ያውቃል። ነገር ግን «በተራራው ላይ ምን አለ?» ተብሎ ቢጠየቅ፥ ብዙው «ብርድ» ከማለት በቀር ሌላ መልስ የለውም።

ወጣቶች ሆይ፥ ተፈጥሮን ለመጎብኘት የግድ ሩቅ መሄድ አያሻችሁም። እርግጥ በ1962 ዓ.ም. የተቋቋመው የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በዓለም የታወቀ ነው። ጎብኚው ደባርቅ በሚገኘው ጽሕፈት ቤት ተመዝግቦ፥ የመግቢያ ከፍሎ፥ መንገድ መሪና ጠመንጃ ያነገተ ጠባቂ ይዞ ወደ ዋልያውና ወደ ጭላዳው አገር ይዘልቃል። ጉና ዋልያ የለውም። ቢሆንም ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው፥ በደቡብ ጎንደር አቻ የሌለው ተራራ ነው፤ ከደብረ ታቦርም በማለዳ ተነሥቶ ማታ መመለስ ይቻላል።

እኔ አንድ ዓመት በኅዳር ወር ባለቤቴንና ሁለት ልጆቼን ይዤ ሄጃለሁ። በጋሳይ በኩል ወደ ክምር ድንጋይ በሚወስደው መንገድ በመኪና ተጉዘን፥ የቀረውን በእግራችን ወጣነው። ደብረ ታቦር ራሷ ከ2,600 ሜትር በላይ ላይ የተቆረቆረች ስለ ሆነች ልጆቿን ብርድ አያስፈራቸውም። ይሁንና ከፍታው በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ በአማካይ 6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳልና፥ ጉና ላይ ጋቢ የጌጥ ልብስ አይደለም። አየሩም ስለሚሳሳ ትንፋሽ ያጥራል። እኛ በታናሿ ልጄ እርምጃ ስለ ሄድን አልደከምንም፤ ተራራ ለመውጣት ከሕፃን የተሻለ መሪ አላውቅም።

የገብሱና የድንቹ ማሳ ሲያልቅ ሌላ ዓለም ይጀምራል። መጀመሪያ አስታ ይቀበላችኋል፤ ከዚያ በላይ ጓሳ የሚባለው ሣር በጉብታ በጉብታ ሆኖ ምድሩን ይሸፍነዋል። በመካከሉ ጅብራ እንደ ዘበኛ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ይህ ተክል ለብዙ ዓመታት ቅጠሉን ብቻ ዘርግቶ ይኖርና፥ በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ፥ ዘሩን በትኖ ይደርቃል። ልጄ የደረቀውን ግንድ አይታ «ይኸኛውን ማን ገደለው?» አለችኝ። ማንም አልገደለውም፤ አብቦ ነው የሞተው።

እዚያ ስትደርሱ እጃችሁን ከጓሳው ሥር አስገቡ። ላዩ ደርቆ ሳለ ከሥሩ እርጥበት ታገኛላችሁ። ሣሩ የዝናቡን ኃይል ይሰብራል፤ ጥቁሩ አፈር ደግሞ ውሃውን እንደ ሰፍነግ መጥጦ ጥቂት በጥቂት ይለቀዋል። ርብና ጉማራ ከዚህ ተራራ ተነሥተው፥ የፎገራን ሜዳ አቋርጠው ጣና ይገባሉ። የፎገራ ገበሬ ሩዙን የሚያበቅለው እነዚህ ወንዞች በሚያረሰርሱት ሜዳ ላይ ነው።

ስንመለስ ከማሳቸው ዳር ገብስ የሚያጭዱ አንድ ሽማግሌ አገኘን።

«እንደምን ዋሉ፥ አባቴ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፥ ልጄ። በዚህ ብርድ ሕፃን ይዞ መንከራተት ምን ይባላል?» አሉና ማጭዳቸውን አስቀመጡ። «እኔ ልጅ ሳለሁ እዚህ ድረስ ጓሳ ነበር። አባቴ አረሰው። ያኔ ያ ምንጭ በግንቦት እንኳ አይጎድልም፤ ዛሬ በመጋቢት ይደርቅብናል።»

ወንዱ ልጄ «ታዲያ ለምን ያርሱታል?» ብሎ ጠየቃቸው። ሽማግሌው አልተቆጡም። «አንተስ ምሳህን በልተሃል?» አሉት።

እኔ ከዚህ የተሻለ መልስ አልሰማሁም። የተራራው ላይኛው ክፍል በማኅበረሰብ የሚጠበቅ ስፍራ ተብሎ መከለሉ መልካም ነው። ነገር ግን ከማረስና ከብት ከማሰማራት የሚታቀበው የላይኛው ገበሬ ሲሆን፥ በውሃው ይበልጥ የሚጠቀመው ከታች ያለው ነው፤ የታችኛው ለላይኛው ምን ይከፍለዋል? በሰሜን ተራሮች የግጭ መንደር ሕዝብ በ2008 ዓ.ም. አካባቢ ቀዬውን ለቆ ወደ ደባርቅ ተዛውሯል፤ ፓርኩም በ2009 ዓ.ም. በአደጋ ላይ ካሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ወጥቷል። በመንዝ ጓሳ ግን ነዋሪው ራሱ ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ሣሩን ለዓመታት ዘግቶ፥ በችግር ጊዜ እየከፈተ ሲጠብቅ ኖሯል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ያን ጥንታዊ ሥርዓት ቢያፈርሰውም፥ ሕዝቡ ጥበቃውን በሌላ መልክ ቀጥሎበታል። ለጉና የምመርጠው ይህን ነው። ሆኖም መንዞች ሣሩን የጠበቁት ለቤታቸው ክዳን፥ ለገመዳቸውና ለከብታቸው መኖ ስለ ሆነላቸው ነው።

ከክረምት በኋላ፥ በጥቅምት ወይም በኅዳር ሂዱ። ውሃና ስንቅ ያዙ፤ ያልታጨደ ገብስ አትርገጡ፤ ጅብራውንም ለፎቶግራፍ ብላችሁ አትቁረጡ። በሌላ ጊዜ ደግሞ በክረምት ከወረታ ወደ ባሕር ዳር የምትጓዙ እንደ ሆነ የጉማራን ድልድይ ትሻገራላችሁና፥ ወደ ታች ተመልክታችሁ የውሃውን ቀለም እዩ። ከዚያ ድፍርስ ውሃ ውስጥ የእኒያ ሽማግሌ የማሳ አፈር አለበት።