ስም የሌላት ጀበና

የቀድሞውን የ10 ብር ኖት የሚያስታውስ አንባቢ፣ ፊቱ ላይ አንዲት ሴት ተቀምጣ ስፌት ትሰፋ እንደነበር አይዘነጋም። ያቺ ሴት ያልገባችበት ኪስ፣ ያልታሰረችበት የመቀነት ጫፍ፣ ያልወደቀችበት ሙዳየ ምጽዋት አልነበረም። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ብሩ ሲለወጥ እሷም ድምፅዋን ሳታሰማ ተሰናበተች። «ለመሆኑ ስሟ ማነው?» ብሎ የጠየቀ ሰው ግን እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። እኔን ጥያቄው የከነከነኝ ወላይታ ሶዶ ላይ፣ በአንድ የመስከረም ምሽት ነው።

ሶዶን በመስከረም ያየ ያውቃታል። ከዳሞታ ተራራ ላይ ጉሙ ይነሣል፤ ክረምቱን ጭቃ ሲረግጥ የከረመው ሰው ልብሱን አጥቦ ይወጣል። የወላይታ ዘመን መለወጫ፣ ጊፋታ፣ ከመስከረም 14 እስከ 20 ባለው ጊዜ ውስጥ በሚውለው እሑድ ይከበራል። ያን ሰሞን አዲስ አበባ ላይ ጫማችንን የሚጠርግልን ልጅ ሣጥኑን ለጓደኛው አደራ ሰጥቶ ይጠፋብናል። የት ሄደ ቢሉ፣ ለእናቱ ሻሽ፣ ለታናናሾቹ ሸሚዝ ሸክፎ አገሩ ገብቷል። እዚያ ሥጋው፣ ቆጮው፣ ዓይን የሚያስለቅሰው ዳጣ ይጠብቀዋል፤ ሲመሽም ጉሊያ የሚሉት ችቦ ይቀጣጠላል። ፈረንጆች ብርዳቸው ሲያልፍ የኪነ ጥበብ ምሽት ያሰናዳሉ ይባላል። እኛም ጸደያችን መስከረም ነውና ምሽቱ አይጠፋንም።

የምነግራችሁ ምሽት በጊፋታ ሰሞን የሠፈር ወጣቶች ገንዘብ አዋጥተው በአንድ ሰፊ ግቢ ያሰናዱት ነው። መግቢያው ላይ ቄጠማ ተጎዝጉዟል። ሁለት ዘፋኞች፣ የሕፃናት የጭፈራ ቡድን፣ ዳሞታን ከአሥር አቅጣጫ የሣለ አንድ ጎልማሳ ሠዓሊ፣ አንድ ሸማኔ፣ በመጨረሻም ከጄኔሬተሩ አጠገብ፣ ጭሱ በሚደርስባት ጥግ፣ ሸክላዎቿን ሣር ላይ የደረደረች አንዲት እናት ነበሩ። ስለ ጭፈራው ብዙ አልልም። የወላይታን ወገብ በቴሌቪዥን ያላየ ኢትዮጵያዊ የለም፤ በቅርብ ሲያዩት ግን ቴሌቪዥኑ ምን ያህል እንደቀነሰበት ይታወቃል።

የመድረክ መሪው አንደበተ ርቱዕ ነው። ዘፋኞቹን ከነአባታቸው ስም ጠራ፣ ሠዓሊውን ከነትምህርት ቤቱ አስተዋወቀ። ሸማኔው ዘንድ ሲደርስ «ባህላዊው ዱንጉዛችን!» ብሎ ጨርቁን አስጨበጨበለት። ወደ ጥግ ዞሮም «የሸክላ ውጤቶቻችንንም ታያላችሁ» አለና አለፈ። የሸክላ ውጤቶቻችን! እንደ ዝናብ ከሰማይ የወረዱ ይመስል።

ክፋት አልነበረበትም። እንዲያውም ነገሩን የሚያከብደው ክፋት አለመኖሩ ነው። ዱንጉዛን ተመልከቱ። ቀይ፣ ጥቁርና ቢጫው ጥለት ዛሬ ያልወጣበት መድረክ የለም፤ ባለሥልጣን ይለብሰዋል፣ ሙሽራ ይሞሸርበታል፣ ኮፍያና ክራባት ሆኗል። የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል በ2015 ዓ.ም. ተመሥርቶ ሶዶ የርዕሰ መስተዳድሩ መቀመጫ ከሆነች ወዲህ ደግሞ እንግዳ በመጣ ቁጥር ይደረባል። እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ ሲወረውር የሚውለው ሰው ግን በጨርቁ ላይ የለም። ሸማኔው ይህን ሳነሣበት ሳቀና «ነጋዴው ያውቀኛል፤ እሱም የሚያውቀኝ ሲያበድረኝ ነው» አለኝ።

የሸክላ ሠሪዋ ነገር ይብሳል። ለዘመናት በወላይታ ሸክላ ሠሪው ቺናሻ፣ ቆዳ ፋቂው ደገላ እየተባለ ከገበሬው ጋር እንዳይጋባ ተከልክሎ ኖሯል። የሙያው ስም ራሱ ስድብ ሆነ። በማሰሮዋ የተቀቀለውን እየበሉ ከእሷ ጋር ገበታ አለመቅረብ... ይህን የሚያህል እንቆቅልሽ ከየት ይገኛል? ወላይታን ብቻ ለመውቀስ አይደለም፤ ሰሜኑም ሸክላ ሠሪውንና ብረት ቀጥቃጩን ቡዳ ሲል የኖረ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅም ለባለእጁ የመሬት በር ከፍቷል። ሁለቱም ትልቅ ነገር ናቸው፤ ጋብቻ ግን በአዋጅ አይታዘዝም።

አጠገቧ ተቀመጥሁ። አማርኛዋ የገበያ አማርኛ ነው፤ የጎደለውን አንድ ተማሪ ልጅ ሞላልን። ለእሷ መስከረም ማለት የእሳት ወር ነው። ክረምት ላይ ሸክላው በጥላ አይደርቅም፤ ያልደረቀ ሸክላ እሳት ካገኘው በውስጡ ያለው እርጥበት ይፈነዳና የሳምንት ድካም ገል ይሆናል። ማገዶውም እርጥብ ነው። ስለዚህ ክረምቱን አፈሯን ወቅጣ፣ ነፍታ፣ አቡክታ ትጠብቃለች። ጭቃውን በእጇ እያድቦለቦለች፣ አንዱን ዙር በሌላው ላይ እየደረበች ታነሣዋለች። መሽከርከሪያ የላትም፤ የምትዞረው እሷ ናት። በገል ትፍቀዋለች፣ በለስላሳ ጠጠር ታሸዋለች። ፀሐይ ስትወጣ ሜዳ ላይ ደርድራ፣ እንጨትና ሣር ከምራ ታቃጥለዋለች። ደህና የወጣውን ለመለየት በጣቷ ትቆረቁረዋለች። አንዱን ጆሮዬ ላይ አድርጋ ቆረቆረችልኝ፤ ደወል ነው። ሌላውን ቆረቆረች፤ እኔ ልዩነቱን ሳልለይ እሷ ወደ ኋላ አስቀመጠችው።

ይህን ሳይ ትዝ ያለችኝ ላዲ ክዋሊ ናት። ናይጄሪያዊት ሸክላ ሠሪ ናት፤ ክዋሊ የተወለደችበት መንደር ስም ነው። እሷም እንደ ሶዶዋ እናት ያለ መሽከርከሪያ በገንቦው ዙሪያ እየተራመደች ትሠራ ነበር። ማይክል ካርዲው የሚባል እንግሊዛዊ ሸክላ ሠሪ ገንቦዎቿን በአቡጃ ኤሚር ቤት አይቶ ተደነቀ፤ እ.ኤ.አ. በ1954 እሱ ወዳቋቋመው የሸክላ ማሠልጠኛ ገባች፤ በ1958 ሥራዋ ለንደን ላይ ታየ፤ በ1977 የአህመዱ ቤሎ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሰጣት። ዛሬ የ20 ናይራ ኖት ጀርባ ላይ ምስሏ አለ። እንግዲህ እዚያም ብር ላይ ሴት አለች፣ እዚህም ነበረች። የናይጄሪያዋን ግን ማን እንደሆነች እናውቃለን።

ይህንኑ ለእናቲቱ አወራሁላት። ተማሪው ሲተረጉምላት በጥሞና ሰማችና ስለ ገንቦዎቹ ትልቅነት ጠየቀችኝ። ከዚያ ስሟን ጠየቅኋት፤ ነገረችኝ። ደብተሬን ሳወጣ ግን እጄን ያዘችው።

«አትጻፈው፣ ልጄ።»

«ለምን፣ እናቴ? ሥራዎ እኮ የሚያኮራ ነው።»

«እኔን አያሳፍረኝም። ልጄ ሌላ ከተማ ትማራለች። እዚያ የማን ልጅ እንደሆነች የሚያውቅ የለም። አንድ ሰው ጠይቋታል... ይጋቡ። ከተጋቡ በኋላ ጻፈው።»

ተማሪው ይህን ሲተረጉም ዓይኑን ከመሬት አላነሣም። መድረኩ ላይ ሁለተኛው ዘፋኝ እየተጠራ ነበር፤ ከነአባቱ ስም። እኔ የመድረክ መሪውን በልቤ ስወቅስ ማምሸቴ ነው፤ አሁን «ተነሥና ስሟን ጥራ» ብለው ማንን እንደምጎዳ ታየኝ። ስሙን መጥራት የሚገባው መድረኩ ብቻ አይደለም፤ መጀመሪያ ያ ልጅቱን የጠየቃት ሰው፣ እናቱና አጎቶቹ ይህን ስም ሰምተው ቡናቸውን መጠጣት መቻል አለባቸው። ያን ደግሞ የትኛውም የጥበብ ምሽት በአንድ ሌሊት አያመጣውም። ቢሆንም ምሽቱ ይደገም እላለሁ፤ ጄኔሬተሩ ግን ከእሷ ይራቅ።

«ታዲያ የእርስዎ ሥራ መሆኑ በምን ይታወቃል?» አልኋት።

ጀበናዋን ገልብጣ ከእጀታው ሥር በጥፍር የተጫሩ ሦስት አጫጭር መስመሮች አሳየችኝ። የሌላይቱ ጎረቤቷ ሁለት ነጥብ ነው። ገበያ የሚወጡ ሴቶች ሁሉ ያውቁታል፤ የሦስት ጭረቷን ሴት ጀበና እየጠየቁ የሚመጡ አሉ።

አንዷን ገዛሁ። በጋዜጣ ጠቅልላ ስትሰጠኝ፣ መጀመሪያ የቡና አተላ ደጋግመን እንድናፈላባትና እንድንደፋው፣ ያለዚያ ቡናው አፈር አፈር እንደሚል ለሚስቴ እንድነግራት አደራ አለችኝ።