የጳጉሜው ቅዳሜና የጥቅምቱ እሁድ

ሱዳን፣ ኦምዱርማን የገባ እንግዳ ስሙን እንኳ ሳይናገር «ሂላል ነህ መሪኽ?» ይባላል። ሁለቱም ክለቦች የዚያው ከተማ ልጆች ናቸው፤ ስታዲየሞቻቸውም ከአንዱ ወጥቶ ሌላው ጋ በእግር የሚደረስባቸው ጎረቤታሞች። ለእኛ ለኢትዮጵያውያኑ ቤት ያከራዩን ሐጅ የለየላቸው መሪኽ ነበሩ። መሪኽ በ1989 እ.ኤ.አ. የአፍሪካ ዋንጫ አሸናፊዎችን ዋንጫ ስለወሰደበት ቀን ማውራት ከጀመሩ የቤት ኪራዩን መጠየቅ ይረሳሉ፤ እኛም እያወቅን እናስጀምራቸው ነበር። ልጃቸው ደግሞ ለአባቱ እልህ ሂላል ሆነ። ሐጅ በ1957 እ.ኤ.አ. ካርቱም ላይ የተደረገውን የመጀመሪያውን የአፍሪካ ዋንጫ በልጅነቴ አይቻለሁ ይሉናል፤ ግብፅ በፍጻሜው እኛን 4 ለ 0 ስትረታ ማለት ነው። ዕድሜያቸውን ስናሰላው አልገጥም ይለን ነበር፤ ግን ማን ደፍሮ ይጠይቃቸዋል!

በ2004 ዓ.ም. ማብቂያ ለደቡብ አፍሪካው የአፍሪካ ዋንጫ የመጨረሻው ማጣሪያ ኢትዮጵያንና ሱዳንን ሲያገናኝ አባትና ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ወገን ተሰለፉ። መተማመናቸውም ያለ ምክንያት አልነበረም። ሱዳን በዚያው ዓመት ጥር የአፍሪካ ዋንጫ ሩብ ፍጻሜ ደርሳ ነበር። እኛ ከ1982 እ.ኤ.አ. የሊቢያ ዋንጫ ወዲህ ደጁንም አልረገጥንም፤ ቤኒንንም ያለፍናት አዲስ አበባ ላይ 0 ለ 0፣ እዚያ 1 ለ 1 ወጥተን ከሜዳ ውጪ ባገባናት አንዲት ጎል ነው።

የመጀመሪያው ጨዋታ ጳጉሜ 3፣ ቅዳሜ፣ በሱዳን ሜዳ ሆነ። ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ከተቀበሩ ሳምንት አልሞላም፤ የአበሻው ሰፈር ገና ከሐዘን አልወጣም። ሱዳን 5፣ ኢትዮጵያ 3። ማታ ሐጅ አንድ ማንቆርቆሪያ ሙሉ ከርከዴ ይዘው መጡና «ማዓሌሽ፣ ማዓሌሽ» እያሉ ቀዱልን። ማጽናናት ይመስላል፤ ፈገግታቸው ግን አልደበቅ አላቸው። ከእኛ መሐል አንድ ፀጉር አስተካካይ ብቻ ብርጭቆውን አስቀምጦ «ሦስት አግብተናል እኮ! አዲስ አበባ ሁለት ለባዶ ይበቃናል» አለ። እንደ ቤኒኑ ማለቱ ነበር፤ ሳቅንበት። የእንቁጣጣሽ በግ ስናርድም ወሬያችን ይኸው ሂሳብ ነበር፤ 3 ለ 1 ቢሆንስ? ይበቃል። 4 ለ 2ስ? እሱም ይበቃል።

ጥቅምት 4፣ እሁድ፣ የኛዋ ቡና አፍዪ ቴሌቪዥኑን ከፍሪጁ ላይ ጫነችው። ሱዳኖቹም የሚቀመጡት እዚያው፣ በገመድ በተጠለፉት አጫጭር በርጩማዎች ላይ ነበር። ሁለት ጀበና ትጥዳለች፤ ለእነሱ ዝንጅብል የበዛበት፣ ለእኛ የኛው። ያን ቀን ግራ ስለገባት ሁሉንም በዝንጅብል ቀዳችው፤ ማንም ልብ አላለም።

አዲስ አበባ ስታዲየም ጢም ብሏል። የመጀመሪያው አጋማሽ ያለ ጎል አለቀ። ልጅየው ጥፍሩን በልቶ ጨርሷል፤ ሐጅ መቁጠሪያቸውን ያንከባልላሉ። በሁለተኛው አጋማሽ አዳነ ግርማ አገባ። እኛ ስንዘል ጀበናው ተገለበጠ። ብዙም ሳይቆይ ሳላዲን ሰይድ ደገመ። አሁን ሂሳቡ 5 ለ 5 ነው፣ በሜዳቸው ያገባናቸው ሦስቱ ጎሎች ደግሞ የኛ ናቸው! ከዚያ በኋላ የነበረው ደቂቃ አልገፋም አለ። የሰውነት ቢሻው ልጆች ኳሱን ወደ ሰማይ ባጎኑት ቁጥር ፀጉር አስተካካዩ አብሮ ይነሣል።

ሲያልቅ ልጅየው ጫማውን እንኳ በቅጡ ሳያጠልቅ ወጣ፤ ለቀናትም አላናገረንም። ሐጅ ግን ተነሡ፣ ጀለቢያቸውን አራገፉ፣ «መብሩክ» ብለው አንድ በአንድ ጨበጡንና የቤቱን ቡና በሙሉ ከፈሉ። ብዙ ስታዲየም አይቻለሁ፤ እንደሳቸው አድርጎ ሽንፈትን የሚሸከም ደጋፊ ግን አላየሁም። በሰው አገር ድምፅህን ሳትቀንስ በደስታ መጨፈር የሚቻለው እንዲህ ያለ ሰው ሲኖር ነው።

በደቡብ አፍሪካው ዋንጫ፣ ጥር 13፣ ኔልስፕሩት ላይ ግብ ጠባቂያችን ጀማል ጣሰው በቀይ ወጥቶብን፣ በአሥር ሰው አዳነ ዛምቢያ ላይ አግብቶ 1 ለ 1 ስንወጣ ሐጅ ከኛ በላይ ጮኹ። ዛምቢያ ሱዳንን በሩብ ፍጻሜው 3 ለ 0 ያሰናበተች ናትና ቂማቸውን በእኛ እግር ተወጡ። በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0 በተሸነፍን ዕለት ደግሞ፣ ከርከዴው ተመልሶ መጣ።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲጀመር እኔ አዲስ አበባ ነበርኩ። ሐጅና ቤተሰባቸው ካይሮ ገቡ። ከሱዳን በመተማ በኩል የተሻገረውም ብዙ ነው። ሂላልና መሪኽ አገር አጥተው በሞሪታኒያ ሊግ በእንግድነት ተጫወቱ፤ ሐጅ ይህን ሲሰሙ ምን እንዳሉ ልጃቸው ሊነግረኝ አልፈለገም። እኛም ብንሆን ሜዳችን የካፍን መስፈርት አላሟላ ብሎ በዚያን ጊዜ «የሜዳችንን» ጨዋታ በሰው አገር እናደርግ ነበር።

በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ለአፍሪካ አገሮች ሻምፒዮና (ቻን) ማጣሪያ ሁለቱ አገሮች ዳግም ሲገናኙ የደርሶ መልሱን ሁለቱንም ጨዋታ ያደረጉት ሊቢያ፣ ቤንጋዚ ነው። ሱዳን አለፈች። ማታውኑ ልጅየው ከካይሮ በዋትሳፕ «ማዓሌሽ» ብሎ ላከ፣ ከሥሩም የከርከዴ ብርጭቆ ፎቶ። የአዳነንና የሳላዲንን ስም ጻፍኩለት። የጳጉሜውን 5 ለ 3 መለሰልኝ። እኔም ሦስቷን ጎል አስታወስኩት። ሐጅ ከኋላ ሆነው ስለ 1957 አንድ ነገር ሲናገሩ በድምፅ መልእክቱ ውስጥ ይሰማል፤ ልጅየው «አባዬ፣ ያኔ አልተወለድክም እኮ!» ይላቸዋል።